የባሕር ሰርጥን መሻገር፦ ከውኃው ስፋት ይልቅ ስለ ዳርቻዎቹ

መግቢያ

ከሮም ተነሥቶ ወደ ሲሲሊ ደሴት የሚጓዝ የረጅም ርቀት ባቡር በየብሱ ጫፍ ላይ ካለችው ከቪላ ሳን ጆቫኒ ሲደርስ ይቆማል። ፉርጎዎቹ በየክፍሉ ይፈታሉ፤ በውስጡ ሐዲድ ወደተዘረጋበት መርከብም እየተገፉ ይገባሉ። መርከቡ የመሲናን ሰርጥ ተሻግሮ ከደሴቲቱ ወደብ ሲጠጋ ፉርጎዎቹ ወጥተው እንደገና ይቀጣጠላሉ፤ ባቡሩም ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ አሠራር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍጻሜ ጀምሮ የኖረ ነው። ሰርጡ በጠባቡ ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የብስ ቢሆን ኖሮ አንድ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእግሩ ይዘልቀው ነበር።

በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለው የኤረሱንድ ሰርጥ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1991 ስምምነት ተፈራረሙ፤ ግንባታው በ1995 ተጀመረ፤ በ2000 ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሻገሪያ ለመኪናና ለባቡር ተከፈተ። በመሲና ላይ ግን የጣሊያን ፓርላማ ስለ መሻገሪያው ሕግ ካወጣበት ከ1971 ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቢያልፍም አንድም ምሰሶ አልቆመም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምስት ጊዜ የሚሰፋው ተሻግሮ ጠባቡ የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መርምሮ፣ የሚገኘውን ትምህርት ለአካባቢያችን ቅርብ ለሆነው ለባብ ኤል መንደብ ማዋል ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የአንድ ሰርጥ መሻገሪያ ዕድል የሚወሰነው በካርታ ላይ በሚታየው ስፋት ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ በባሕሩ ወለል፣ በሰርጡ ውስጥ በሚያልፈው መርከብ፣ እንዲሁም በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ባለው ሕይወትና ሥርዓት። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠናው ሦስተኛው ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን እርሱ ነው።

ካርታው የማያሳየው ወለል

የባሕር ሰርጥ ሁለት ሰፊ የውኃ አካላትን የሚያገናኝ፣ ሁለት የብሶችን ደግሞ የሚለያይ ጠባብ የውኃ መተላለፊያ ነው። ስለሆነም ሁለት ዓይነት ጉዞዎች ይገናኙበታል፤ መርከብ በርዝመቱ ያልፍበታል፤ የየብስ መንገደኛ ደግሞ በአግድመቱ ሊሻገረው ይፈልጋል። ለአግድሙ ጉዞ ያሉት ዋና ዋና መንገዶች የማሻገሪያ መርከብ፣ ድልድይና ዋሻ ናቸው። ዋሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባሕሩ ወለል በታች ዐለቱን ሰርስሮ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየብስ ላይ ተሠርተው በባሕሩ ወለል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ እየተደረደሩ በሚጋጠሙ ግዙፍ ቱቦዎች የሚገነባ ነው።

ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን መሐንዲሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ስፋቱ ሳይሆን ስለ ጥልቀቱ ነው። ኤረሱንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሰርጡ ጠባብ ቦታ በሰሜን በኩል በሄልሲንግኤርና በሄልሲንግቦሪ ከተሞች መካከል ሲሆን ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሻገሪያው የተሠራው ግን በዚያ አይደለም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ አራት እጥፍ ያህል በሚሰፋው በኮፐንሃገንና በማልሜ መካከል ነው። በዚያ ያለው ባሕር ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ የድልድዩን ምሰሶዎች በተከታታይ ማቆም ተችሏል። በጠባቡ ቦታ ላይ ዛሬም የሚያሻግሩት መርከቦች ናቸው።

የጅብራልታር ሰርጥም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። በአፍሪቃና በአውሮፓ መካከል ያለው አጭሩ ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ግን ባሕሩ እስከ 900 ሜትር ድረስ ይጠልቃል። ስፔንና ሞሮኮ በ1980 ባደረጉት ስምምነት የጀመሩት የጋራ ጥናት ያተኮረው ከዚያ ወደ ምዕራብ ባለው መስመር ላይ ነው። በዚህ መስመር ስፋቱ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ቢጨምርም ጥልቀቱ ወደ 300 ሜትር ይቀንሳል። በዚህ ጥልቀት ላይ ምሰሶ ማቆም እጅግ ከባድ በመሆኑ ጥናቱ ከድልድይ ይልቅ ከወለሉ በታች ወደሚሰረሰር የባቡር ዋሻ አዘንብሏል።

የምሰሶ መሠረት ምን ያህል ጥልቀት ሊቋቋም እንደሚችል ለመገመት በግሪክ አገር በ2004 የተከፈተው የሪዮ አንቲሪዮ ድልድይ ይጠቅማል። በዚያ ባሕሩ 65 ሜትር ይጠልቃል፤ ወለሉ ልል ደለል ነው፤ አካባቢው ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚበዛበትና ዳርቻዎቹ በዝግታ የሚራራቁበት ነው። መሐንዲሶቹ መሠረቶቹን ከወለሉ ጋር አጥብቀው አላሰሩም። የተጠናከረውን ወለል በጠጠር ሸፍነው ግዙፎቹን መሠረቶች በላዩ አስቀመጡ፤ ምድር ስትናወጥ መሠረቱ በጠጠሩ ላይ በመጠኑ እንዲንሸራተት ተደረገ። ሥራው በዘመኑ እጅግ የተደነቀ ነበር። ሆኖም 65 ሜትር ከጅብራልታሩ 300 ሜትር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛውን እንኳ በጥቂቱ ብቻ የሚያልፍ ነው።

ርዝመት ሲጨምር

ምሰሶን በባሕር ውስጥ ማቆም ካልተቻለ ወይም ካልተፈለገ የሚቀረው ምሰሶዎቹን በዳርቻው ላይ አቁሞ መካከሉን በአንድ ጊዜ መዝለል ነው። በመሲና የታሰበው ይኸው ነው። ጥልቀቱ፣ የማዕበሉ ፍሰትና የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋቱ አንድ ላይ ተደምረው ምሰሶዎቹ በየብስ ላይ እንዲሆኑ አስገድደዋል። ስለዚህም በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 3,300 ሜትር፣ የምሰሶዎቹም ቁመት 399 ሜትር እንዲሆን ተነድፏል።

ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታየው ከታሪኩ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1937 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮው የጎልደን ጌት ድልድይ በምሰሶዎቹ መካከል 1,280 ሜትር ነበረው። በ1998 የተከፈተው የጃፓኑ የአካሺ ካይክዮ ድልድይ 1,991 ሜትር ደረሰ። በ2022 በዳርዳኔልስ ሰርጥ ላይ የተከፈተው የቱርክ ድልድይ 2,023 ሜትር ሆነ። እንግዲህ በ85 ዓመታት ውስጥ የተገኘው ጭማሪ በድምሩ 743 ሜትር ሲሆን፣ የመሲናው ንድፍ ግን በአንድ ዝላይ 1,277 ሜትር ሊጨምር የተነሣ ነው።

ችግሩ ከተንጠልጣይ ድልድይ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ተንጠልጣይ ድልድይ ክብደቱን የሚሸከመው በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ አልፎ በሁለቱም ዳርቻ ከመሬት ጋር በተያያዘው ዋና የብረት ገመድ ነው። የገመዱ የመርገብ መጠን ከርዝመቱ ጋር ያለው ምጣኔ ሳይለወጥ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያረፈው ጭነት ባይጨምርም እንኳ ገመዱን የሚወጥረው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ይህን ለመቋቋም ገመዱ መወፈር አለበት፤ የወፈረ ገመድ ደግሞ ራሱ ተጨማሪ ክብደት ነው። ስለዚህ ርዝመቱ እየጨመረ በሄደ መጠን ገመዱ ከተሽከርካሪው ይልቅ ራሱን ለመሸከም ይደክማል። ለመሲና የታሰቡት አራት ገመዶች የእያንዳንዳቸው ውፍረት ከ1.2 ሜትር በላይ መሆኑ የዚህ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ባላጋራ ነፋስ ነው። በአሜሪካ የታኮማ ሰርጥ ላይ የተሠራው ድልድይ በ1940 በጁላይ ተከፍቶ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ፈረሰ። ያፈረሰው ማዕበል ወይም የጭነት ብዛት አልነበረም። ቀጭኑ የመንገድ ወለል በመጠነኛ ነፋስ መወዛወዝ ጀመረ፤ ውዝዋዜው ከነፋሱ ኃይል እየተቀበለ ተጠናክሮ ወለሉ እየተጠማዘዘ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ የረጃጅም ድልድዮች ወለል ቅርጽ በነፋስ መፈተኛ ክፍል ሳይመረመር አይሠራም። ለመሲና የተነደፈው ወለል በሦስት የተከፈለ ነው፤ በክፍሎቹ መካከል የተተዉት ክፍተቶች አየሩ እንዲያልፍ በማድረግ ወለሉን ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል ይቀንሳሉ። የዳርዳኔልሱ ድልድይ ወለልም ለተመሳሳይ ዓላማ ለሁለት የተከፈለ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ ብቻውን መሻገሪያን የሚከለክል ምክንያት አይደለም። እርግጥ በ1908 ዲሴምበር 28 ንጋት ላይ መሲናንና ሬጆ ካላብሪያን ያወደመው መንቀጥቀጥና ያስከተለው የባሕር ማዕበል ከ75,000 የማያንሱ ሰዎችን እንደፈጀ ይገመታል። ነገር ግን ረጅም ተንጠልጣይ ድልድይ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ በመሆኑ ከመሬቱ ፈጣን ንዝረት ጋር በቀላሉ አይገጥምም። የአካሺ ካይክዮ ምሰሶዎች ከቆሙ በኋላ በ1995 የኮቤ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ምሰሶዎቹ ሳይወድቁ አንድ ሜትር ያህል ተራራቁ። በንድፉ 1,990 የነበረው ርቀት 1,991 ሜትር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከነፋስና ከመንቀጥቀጥ ይልቅ በንድፍ ላይ ብዙ የሚጫነው ባቡር ነው። ባቡር ረጅምና ከባድ ጭነት በአንድ መስመር ላይ ስለሚያሳርፍ ወለሉን ያጎብጣል፤ ሐዲድ ደግሞ ብዙ መጉበጥን አይታገሥም። ዴንማርኮች በታላቁ ቤልት ሰርጥ ላይ ይህን ችግር የፈቱት ሁለቱን በመለየት ነው። በምሥራቁ መተላለፊያ መኪናው በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል 1,624 ሜትር በሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ሲያልፍ፣ ባቡሩ ከባሕሩ ወለል በታች በተሰረሰረ ዋሻ ይሄዳል። በመሲና ግን ስድስት የመኪና መስመሮችና ሁለት ሐዲዶች በአንድ ወለል ላይ እንዲሆኑ ታስቧል።

በሰርጡ ውስጥ የሚያልፈው መርከብ

ሰርጥ የሁለት ባሕሮች በር እንደመሆኑ መሻገሪያ የሚሠራ ሁሉ በሩን ላለመዝጋት ግዴታ አለበት። የመርከቦች ቁመት የድልድዩን ከፍታ ይወስናል፤ ከፍታው የመዳረሻ መንገዶቹን ርዝመት ይወስናል፤ በተለይ ባቡር ዳገት ስለማይችል ከፍታ ሲጨምር ወጪው በየብስም ላይ ይጨምራል።

ኤረሱንድ ላይ ይህ ግዴታ የሥራውን መልክ ለውጦታል። ከስዊድን በኩል የሚነሣው ድልድይ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ለሥራው ተብሎ ከተሠራ ደሴት ላይ ያርፋል፤ መንገዱና ሐዲዱ ከዚያ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በደሴቲቱ ላይ ያልፉና ሌላ 4 ኪሎ ሜትር በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ዋሻ ውስጥ ገብተው ኮፐንሃገን ይደርሳሉ። ድልድዩ እስከ ዴንማርክ ዳርቻ ያልቀጠለበት ምክንያት ሁለት ነው። በዚያ በኩል ያለው የመርከብ መስመር ክፍት መሆን ነበረበት፤ የካስትሩፕ አውሮፕላን ማረፊያም በዳርቻው ላይ ስለሆነ ረጃጅም ምሰሶዎች የበረራውን መንገድ ያውኩ ነበር።

ከመርከብ ሌላ የሚያልፈው ውኃው ራሱ ነው። የባልቲክ ባሕር ጨውና ኦክስጅን የሚያገኘው ከሰሜን ባሕር በጠባቦቹ ሰርጦች አልፎ ከሚገባው ውኃ ነው። ምሰሶዎቹና ደሴቲቱ ይህን ፍሰት በትንሹም ቢሆን ቢቀንሱ ጉዳቱ በባሕሩ ዙሪያ ላሉ አገሮች ሁሉ ይደርስ ነበር። ስለዚህም ግንባታው የውኃውን ፍሰት ፈጽሞ እንዳይቀንስ ተወስኖ፣ የተዘጋውን ያህል ሌላ ቦታ ወለሉ ተቆፍሮ እንዲካካስ ተደረገ። መሻገሪያው የሁለት አገሮች ቢሆንም ሰርጡ የብዙዎች መሆኑን ይህ ውሳኔ በግልጽ ያሳያል።

ዳርቻዎቹ

እስከዚህ የተዘረዘሩት የምሕንድስና ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም አላቸው። ሆኖም ሰርጦች የሚሻገሩትም ሆነ ሳይሻገሩ የሚቀሩት በምሕንድስና ምክንያት ብቻ አለመሆኑን የእንግሊዝ ሰርጥ ታሪክ ይመሰክራል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከሁለቱም ዳርቻ የዋሻ ቁፋሮ ተጀምሮ ነበር፤ ብሪታንያ ከአህጉሩ ጦር ይመጣብኛል በሚል ሥጋት ሥራውን አስቆመች። በ1970ዎቹ እንደገና ተጀመረ፤ በ1975 የብሪታንያ መንግሥት በወጪው ምክንያት ተወው። በመጨረሻም ሁለቱ መንግሥታት በ1986 ውል ፈርመው በ1994 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ተከፈተ። በሦስቱም ጊዜ ከባሕሩ በታች ያለው የኖራ ዐለት አንድ ነበር። የተለወጠው በዳርቻዎቹ ላይ የነበረው ፖለቲካ፣ ንግድና መተማመን ነው።

ኤረሱንድን በዚህ ዓይን ስናየው ፍጥነቱ አያስደንቅም። መሻገሪያው ከጠባቡ ቦታ ይልቅ በሰፊው ላይ የተሠራበት ሌላው ምክንያት በአንዱ ዳርቻ የዴንማርክ ዋና ከተማ፣ በሌላው ዳርቻ የስዊድን ሦስተኛ ትልቅ ከተማ መኖራቸው ነው። የግንባታው ወጪ ሁለቱ መንግሥታት ዋስ በሆኑበት ብድር ተሸፍኖ፣ ዕዳው ከመኪኖች የመሻገሪያ ክፍያና ከባቡሩ በሚገኝ ኪራይ እንዲመለስ አስቀድሞ በስምምነቱ ተወሰነ። በሁለቱም የብስ ላይ ያሉት የመዳረሻ መንገዶችና ሐዲዶች የዚያው ሥራ አካል ሆኑ። ይህም ሁሉ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሻጋሪው ቁጥር ከተገመተው ያነሰ ነበር። ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ከጊዜ በኋላ የመጣ የኑሮ ለውጥ ነው፤ ብዙ ሰዎች የቤት ዋጋ በሚቀንስባት በማልሜ እየኖሩ ደመወዝ በሚሻልባት በኮፐንሃገን መሥራት ጀመሩ። ድልድዩ ይህን ሕይወት ብቻውን አልፈጠረውም፤ የሁለቱ ከተሞች ቅርበትና የሁለቱ አገሮች የሥራ ሕግ ባይመቻች ኖሮ ብረትና ኮንክሪቱ ምንም ባልፈየደ ነበር።

የመሲና ዳርቻዎችም ባዶ አይደሉም፤ ሲሲሊ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ደሴት ናት። የጎደለው የውሳኔ ጽናትና የየብስ ዝግጅት ነው። ከ1971ዱ ሕግ በኋላ በ1981 ሥራውን የሚመራ ኩባንያ ተቋቋመ። በ2006 የግንባታ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዘው መንግሥት አቆመው። በ2008 ሌላ መንግሥት አስነሣው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ተዘጋ። በ2023 ዳግመኛ ተነሣ። በ2025 ኦገስት የሚኒስትሮች ኮሚቴ 13.5 ቢሊዮን ዩሮ የሚፈጅ ሥራ አጸደቀ፤ በኦክቶበር ደግሞ የአገሪቱ የሒሳብ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ለመመዝገብ ሳይቀበል ቀረ። በሌላ በኩል የሲሲሊን ሁለት ታላላቅ ከተሞች ፓሌርሞንና ካታኒያን የሚያገናኘው ሐዲድ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የማስፋት ሥራው የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው።

የድልድዩ ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው። የደሴቲቱ ሐዲድ ደካማ የሆነው መሻገሪያ ስለሌለ ነው፤ በመርከብ እየተቆራረጠ ለሚሄድ ባቡር ፈጣን ሐዲድ መዘርጋት ትርጉም የለውም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ዳሩ ግን ሁለቱ ሥራዎች እኩል አይደሉም። በደሴቲቱ ውስጥ የሚዘረጋ ሐዲድ ድልድዩ ቢሠራም ባይሠራም ለነዋሪው ያገለግላል፤ ድልድዩ ግን ከሐዲዱ ውጭ ሙሉ ጥቅሙን አይሰጥም። ትልቁ ሥራ ሲጠበቅ ትናንሾቹ የሚዘገዩ ከሆነ፣ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ተሻጋሪው ነው። ይህ ዋጋ በየትኛውም የአዋጭነት ጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም።

ባብ ኤል መንደብ

ከላይ የተመለከትናቸውን ሦስት መመዘኛዎች ይዘን ወደ ቀይ ባሕር ደቡባዊ በር እንመለስ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአንድ የግል ኩባንያ አማካይነት የመንንና ጅቡቲን የሚያገናኝ፣ 28 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ መኪናና ባቡር የሚያሳልፍ ድልድይ እንዲሠራ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በሁለቱም ዳርቻ አዳዲስ ከተሞች እንዲቆረቆሩ ታስቦም ነበር። ዕቅዱ ከወረቀት አላለፈም። ይሁንና አብዛኛው የወጪና የገቢ ንግዷ በጅቡቲ ለሚያልፈው ለኢትዮጵያ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ በምን እንደሚመዘን ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው መመዘኛ ወለሉ ነው። ሰርጡን ፐሪም ወይም ማዩን የምትባለው ደሴት ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው መተላለፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ የሚሰፋ ሲሆን ጥልቀቱ 30 ሜትር ያህል ነው፤ ይህን መሻገር ለዛሬው ምሕንድስና ከባድ አይደለም። በአፍሪቃ በኩል ያለው ግን ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሰፋና እስከ 300 ሜትር የሚጠልቅ ነው። ይህ ጥልቀት ከሪዮ አንቲሪዮ አምስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ከጅብራልታሩ የጥናት መስመር ጋር ደግሞ የሚስተካከል ነው። አካባቢውም የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪቃ ስምጦች ከሚገናኙበት ከአፋር ብዙ አይርቅም። በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ ቀልጦ የወጣ ዐለት ከምድር በታች ሠርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል። ይህ የሆነው በሰርጡ ላይ ባይሆንም ንድፍ አውጪው ከምን ዓይነት ምድር ጋር እንደሚገናኝ ይጠቁማል።

ሁለተኛው መመዘኛ መርከቡ ነው። በዚህ ረገድ ነገሩ ከሚታሰበው የቀለለ ነው። በባብ ኤል መንደብ የሚያልፉት ብዙዎቹ ትላልቅ መርከቦች ወደ ስዊዝ ቦይ የሚሄዱ ወይም ከዚያ የሚመጡ ናቸው፤ በቦዩ ላይ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ከውኃው 70 ሜትር ከፍ ያለ ድልድይ አለ። ስለዚህ በዚያ የሚያልፉት መርከቦች ቁመት አስቀድሞ ተወስኗል። ከባዱ ጉዳይ የጸጥታው ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከየመን በኩል በመርከቦች ላይ በተሰነዘሩት ጥቃቶች ምክንያት ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪቃን ዞረው መሄድን መርጠዋል። ተንቀሳቃሽ የሆነው መርከብ መንገዱን ይቀይራል፤ ድልድይ ግን ከቆመበት አይሄድም።

ሦስተኛው መመዘኛ ዳርቻዎቹ ናቸው፤ የባብ ኤል መንደብ ትልቁ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። የመን ዛሬ የባቡር ሐዲድ የላትም። በአፍሪቃ በኩል ከአዲስ አበባ የሚነሣው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐዲድ የሚያበቃው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ደቡብ ባሉት የጅቡቲ ወደቦች ነው። ሰርጡ ያለው ግን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከኦቦክም አልፎ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ድልድዩ ቢሠራ እንኳ ከሐዲዱ ጋር ለማገናኘት ባሕረ ሰላጤውን የሚዞር ሌላ መስመር ያስፈልጋል። ኤረሱንድ ላይ መሻገሪያው የተዘረጋው ቀድሞ በነበሩ ሁለት ከተሞች መካከል ነበር፤ እዚህ ግን ከተሞቹ ራሳቸው የዕቅዱ አካል ነበሩ። መሻገሪያው ጥቅም እንዲሰጥ ከተሞቹ መኖር አለባቸው፤ ከተሞቹ እንዲኖሩ ደግሞ መሻገሪያው ጥቅም መስጠት አለበት። በእንዲህ ያለ ክብ ውስጥ የገባ ሥራ አበዳሪ አያገኝም።

ይህ ማለት ግን ሰርጡን የሚሻገር የለም ማለት አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር በዘመተ ጊዜ ሠራዊቱ ይህን ባሕር በመርከብ ተሻግሯል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ነጋዴው፣ ዓሣ አጥማጁና ተሳላሚው ሲመላለስበት ኖሯል። ዛሬም ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት የሚነሡ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን፣ በእነዚህና በሌሎች የባሕር መስመሮች ወደ የመን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ ይሞክራሉ። ጀልባዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ፤ የሚገለበጡ አሉ፤ የሚሞቱም ብዙ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሰርጥ ላይ የመሻገር ፍላጎት አለ፤ ነገር ግን የሚሻገረው ሰው በድልድዩ ዕቅድ ውስጥ ከታሰበው መንገደኛ የተለየ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የመጀመሪያው የጥናት ጉድለት ይኸው ነው፤ ዕቅዱ የባሕሩን ስፋት ለካ፤ ማን፣ ከየት ተነሥቶ፣ ለምን እንደሚሻገር ግን አልለካም።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ የተነጻጸሩት ሰርጦች አንድ ነገር ያስረዳሉ። ጠባብነት ብቻውን መሻገሪያን አያስገኝም፤ ሰፊነትም ብቻውን አይከለክልም። ወለሉና መርከቡ የመሻገሪያውን ዓይነት፣ ቅርጽና ዋጋ ይወስናሉ። መሻገሪያው ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን ግን የሚወስኑት ዳርቻዎቹ ናቸው፤ ማለትም ነባር እንቅስቃሴ፣ ከመሻገሪያው ጋር የሚገናኝ መንገድና ሐዲድ፣ ዕዳውን ማን እንደሚሸከም የሚወስን ጽኑ ስምምነት፣ መንግሥት ሲለወጥም የማይለወጥ ውሳኔ።

ከዚህ በመነሣት በባብ ኤል መንደብ ላይ ለሚደረግ ጥናት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይጠቅማል። ከድልድዩ ንድፍ በፊት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ያሉት ወደቦችና መንገዶች ከኢትዮጵያ ሰሜን ምሥራቅ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይጠና። የመን ሰላም ባገኘች ጊዜ በሕግና በቁጥጥር የሚሠራ የማሻገሪያ መርከብ አገልግሎት ምን ያህል መንገደኛና ዕቃ ሊያገኝ እንደሚችል ይገመት። መርከብ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ ተሻጋሪ ከጠፋ ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል፤ ከበዛ ደግሞ ለሚቀጥለው ውሳኔ እውነተኛ ቁጥር ይሰጣል። ሄልሲንግኤር ላይ 4 ኪሎ ሜትሩን ዛሬም የሚያሻግሩት መርከቦች የድህነት ምልክት አይደሉም፤ ለቦታው የሚበቃ መልስ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ዛሬ በሌሊት የሚሻገሩት ሰዎች ይቆጠሩ፤ የተነሡበት ወረዳ፣ የከፈሉት ገንዘብና የደረሰባቸው ነገር ይመዝገብ። የሰርጡ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች እነርሱ ናቸውና ስለ መሻገሪያው የሚጻፍ ማንኛውም የአዋጭነት ጥናት ከእነርሱ መጀመር ይገባዋል።